የሽርጡ ማሰሪያ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

የሽርጤ ማሰሪያ ዛሬ ጨርሶ ተቦጨቀ። ከጨረር የሚከላከለው ከባዱ ሽርጥ ማለቴ ነው፤ ልጅ አዝሎ እንደ መዋል ነው ክብደቱ። ለጥገና ክፍል ሦስተኛ ማመልከቻ ጻፍኩ። "ይታያል" አሉ። የፊተኞቹን ሁለቱን የት አደረሷቸው? በፕላስተር ጠምጥሜው ዋልኩ። ጫፉ ከኋላዬ ይንጠለጠላል። ሲስተር "ጅራትሽን ሰብስቢ" እያለች ስትስቅብኝ ዋለች።

ማታ ልጄ "ግን አንቺ ምንድን ነው የምትሠሪው?" አለችኝ። ነገርኳት። ዶክተሩ ሰው ሳይቀድ በብሽሽት በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብቶ የተዘጋ የደም ሥር ይከፍታል። ደም ሥር ግን በራጅ አይታይም። ቀለም ሲረጭበት ነው የሚታየው። ያኔ አነሳውና ስክሪኑ ላይ ካርታ አደርግለታለሁ። ሽቦው በካርታው ይሄዳል።

"ሰውየው ቢንቀሳቀስስ?"

"ካርታው ይበላሻል። እንደገና እናነሳለን።"

"ቀላል ነው በይኛ" ብላ ሄደች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

እህል አልወረደልኝም። ልጻፈው፣ ይውጣልኝ።

ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ስልሳን ያለፉ እናት። የቀኝ እግራቸው ደም ሥር ከጉልበት በታች ተዘግቶ፣ ትንሿ ጣታቸው ላይ ያለው ቁስል አልድን ብሏል። ደግሞ ሳል አለባቸው። ገና አልጋው ላይ ሲወጡ "የስፌት መኪናዬን የምረግጥበት እግር ነው፣ አደራ ልጆቼ" አሉ።

የመጀመሪያው ደብዝዞብኝ ካርታውን ሁለት ጊዜ አነሳሁ። በሁለተኛው ዶክተሩ ተቆጣ። "ይሄ ቀለም ኩላሊት ይጎዳል እኮ! ስንት ጊዜ ልረጭ ነው?" ሰው ፊት ኩም አልኩ።

ሽቦው ጠባቡ ቦታ ደረሰ። ወደ መቆጣጠሪያው ዞር ስል ያ ጅራቴ የአልጋው እጀታ ላይ ተጠለፈ። ሳብ አደረገኝ። አልጋው ሸርተት አለ። ካርታውን ካነሳሁ በኋላ አልቆለፍኩትም ነበር... መቆለፍ የእኔ ሥራ ነው፣ የማንም አይደለም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው የአልጋው ቁጥር ከ412 ወደ 418 ሄደች። ስድስት ሚሊ ሜትር። ካርታው ግን እዚያው ቀረ። ማሽናችን አሮጌ ነው፣ አልጋው ሲንቀሳቀስ አያስጠነቅቅም።

"ይቁም" ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል። ሦስተኛ ቀለም ሊሆን ነው ብዬ... ሊቆጣኝ ነው ብዬ... ምናልባት ምንም አይሆን ይሆናል ብዬ... አንደበቴ ተሳሰረ።

እሳቸው ያኔ ሳሉ።

ሽቦው የደም ሥሩን በስቶ ወጣ። ቀለሙ ከካርታው ውጭ ተበተነ።

"አይንቀሳቀሱ ብያቸው አልነበር?" አለ ዶክተሩ።

"ውይ ልጄ... ሳሉ አመለጠኝ።"

ደም ሥሩ ውስጥ ትንሽ ፊኛ ነፍተን ደሙን አቆምን። ደም ሥሩ ግን ሳይከፈት ወጡ። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው አልጋው ነው። ሳሉ ከዚያ በኋላ ነው። ይሄን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሪፖርቱ መጣ። "በታካሚዋ እንቅስቃሴ ምክንያት" ይላል። ከሥሩ ፈረምኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ትንሿ ጣት ጠቁራለች። ደም ሥሩ ቶሎ ካልተከፈተ እግሩ እንዳለ ሊሄድ ይችላል አሉ።

ሽርጤን እንኳ ሳላወልቅ ልጠይቃቸው ወጣሁ። ለምን ሄድኩ? ደህና ናቸው እንዲሉኝ ይሆናል። እሳቸው ይቅርታ ጠየቁኝ።

"ያን ሁሉ ድካማችሁን ገደል ከተትኩት። ስንት ሰው ቆሞልኝ አንዲት ሳል መያዝ ያቅተኝ?"

ሳላቸው ሲመጣ ትራሱን አፋቸው ላይ ይጫኑታል። ፊታቸው ደም እስኪመስል። "ምን እያደረጉ ነው እማማ?" ብላቸው "ልምምድ ነው። ለሚቀጥለው እንዳላበላሽባችሁ" አሉ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ፕላስተሩን አዩት። "ይሄ ጨርቅ በዚህ ይያዛል? ወዲህ በይው።" ከትራሳቸው ሥር መርፌ አወጡ። ሐኪም ቤትም መርፌያቸውን ይዘው ነው የተኙት። ያን ማሰሪያ፣ ያንኑ ማሰሪያ፣ ድርብ አድርገው ሰፉልኝ። "ካሳ ይሁንልኝ" አሉ።

ስፌቱ የመኪና ስፌት ይመስላል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ለባለቤቴ ነገርኩት። የተማሪ ደብተር እያረመ ነበር። ቀይ እስክሪብቶውን አስቀመጠና "ሥራሽን ብታጪስ?" አለ።

እሱን እኔም አስቤዋለሁ። ሽቦው ሲወጣ እንኳ መጀመሪያ ያሰብኩት ሥራዬን ነው። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

"ዶክተሩ ሳሏ ነው ካለ ሳሏ ነው" አለ ደግሞ። ቀጥሎ ግን አንዱን ደብተር ሳያርም ለብዙ ጊዜ ይዞት ተቀመጠ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ሁለተኛው ሙከራ ታኅሣሥ 6 ሆነ። በሙሉ ማደንዘዣ።

የማደንዘዣ ባለሙያዋ አልተስማማችም። "በዚህ ሳንባ? ላይነቁ ይችላሉ እኮ።"

ዶክተሩ "ነቅተው ከሆኑ መንቀሳቀሳቸው አይቀርም። ባለፈው አየነው አይደል?"

ባለፈው ምንድን ነው ያየነው? እኔ ያየሁት 418ን ነው። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። አሁንስ እግር ብቻ አይደለም... ዝም ካልኩ ነፍስ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ነገርኩት። ምስሎቹን ለዶክተሩ በተርታ አሳየሁት። 412፣ 412፣ 418። ሳሉ ያለበት ከዚያ ቀጥሎ ነው፤ እሱም ላይ እግራቸው ንቅንቅ አላለም። ሦስት ጊዜ መልሶ አየው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ይቆጡኛል ብዬ።"

"የእኔ ቁጣ ከእሳቸው እግር በለጠብሽ?"

ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞሮ "ቁጥሩን እኔም ማየት ነበረብኝ" አለ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብኛል። ሪፖርቱ ይታረማል። ማደንዘዣው ይቀራል፣ ብሽሽታቸውን ብቻ ያደነዝዛሉ።

"ለእሳቸው ማን ይንገራቸው? ከፈለግሽ እኔ..."

"እኔ ነኝ የምነግራቸው" አልኩ።

አርብ፣ ኅዳር 26

ሁሉንም ነገርኳቸው። ማሰሪያውን፣ መቆለፊያውን፣ ዝም ማለቴን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"እና ሳሌ አይደለም?"

"አይደለም፣ እማማ።"

"አሥራ ስድስት ቀን ትንፋሼን ውጬ ከረምኩ። ምራቴ 'ምነው ትንሽ ቢታገሡ' ስትለኝ አንገቴን ደፋሁ።" ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ምነው በጮሁብኝ። "አንቺ ደግሞ መጥተሽ ታይኝ ነበር።"

"አዎ።"

"ሽርጡን አምጪው።"

አመጣሁት። መቀስ አወጡና የራሳቸውን ስፌት አንድ በአንድ ተረተሩት።

"እኔ ይሄን የሰፋሁት ይቅርታ ብዬ ነው። ይቅርታ የሚጠይቅ ሌላ ሰው ኖሯል።" መርፌውን ሰጡኝ። "ስፊው።"

ልብስ ሰፍቼ አላውቅም፤ ቁልፍ እንኳ የሚተክለው ባለቤቴ ነው። ጣቴን ወጋሁ። "ስፌቱ ሰፋ አለ፣ ፍቺው" አሉ። ፈታሁ። "አሁንም ሰፋ፣ ፍቺው።" ሦስት ጊዜ። እያለቀስኩ ነበር መሰለኝ፣ ክሩ አልታይ እያለኝ።

በመጨረሻ "ይቅር ይሉኛል?" አልኩ።

"መጀመሪያ ክሩን ቋጪው።"

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ካርታውን አነሳሁ። አልጋውን ቆለፍኩ። "ተቆልፏል" አልኩ ጮክ ብዬ። ዶክተሩ "ቁጥር?" አለ። አነበብኩለት። አዲስ ደንባችን ነው።

ሽቦው ጠባቡ ቦታ ሲደርስ፣ ቀስ ብለው "ልጄ... ሳሌ መጣ" አሉ። ሊውጡት ሲታገሉ ደረታቸው ከፍ ሲል አየሁ።

"ይቁም!" አልኩ። ዶክተሩ ባለበት ቆመ። "ይሳሉ፣ እማማ።"

ሳሉ። እስኪወጣላቸው ሳሉ። ሁላችንም ጠበቅናቸው። ሲጨርሱ ካርታው ተበላሽቶ ነበር፣ ሌላ አነሳሁ። ዶክተሩ ስለ ቀለሙ ምንም አላለም፣ ትንሽ ብቻ ረጨ።

ደም ሥሩ ተከፈተ። ሲስተር እግራቸውን ይዛ "ሞቀ" አለች። ትንሿ ጣት አትተርፍም፣ ትቆረጣለች። እግሩ ግን መኪናውን ይረግጣል ብሏል ዶክተሩ።

ተሽከርካሪ አልጋው እየወጣ እኔ ጋ ሲደርስ እሳቸው አስቆሙት። እጃቸውን ሰደው ማሰሪያዬን ሳብ ሳብ አደረጉት። ያዘ።

"ጠማማ ነው" አሉ።

"አዎ፣ እማማ።"

"ስድን አስተምርሻለሁ" አሉና ሳሉ፣ አፋቸውን ሳይሸፍኑ።