ከሐይቁ በታች ያለው መንደር

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4፣ ጠዋት
ሰው ጎርፍ እንደሚመጣ እያወቀ ለምን አይነሳም? ማስታወሻዬ፣ አንቺም ሳትጠይቂ አልቀረሽም። እኔ እዚህ ሮም፣ የእርዳታ ድርጅቱ ቢሮ ከገባሁ ወዲህ ሌላ አላስብም። ኔፓል ውስጥ ግግር በረዶ እየቀለጠ፣ ተራራው ላይ ሐይቅ ሠርቷል። ውሃውን የያዘው የግንብ ግድብ አይደለም፤ በረዶው ገፍቶ የከመረው ድንጋይና አፈር ነው። ከተናደ ከሥሩ ያለው መንደር አለቀለት። ሪፖርቴን ጨረስኩ። መንደሩ ይነሳ! ትራም አመለጠኝ። ሮጥኩ። ደስ ብሎኛል።

ከሰዓት በኋላ
የክፍላችን ኃላፊ ጋሽ ተፈራ ጠሩኝ። ሰኞ ገንዘብ ሰጪዎቹ ይመጣሉ፤ ስለ ሰፈራ አንተ ንገራቸው አሉኝ። አገራችን ልምድ አላት፣ ከወሎ ስንቱን አንስታ አሰፈረች አይደል? አሉ። ኮራሁ። ደረጃውን ስወርድ ከወሎ ከተነሱት አንዱ አጎቴ ትዝ አለኝ። ኩራቱ እዚያው ቀረ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6
አክስቴ አስካለ ሐሙስ ከሰዓት ከምትሠራበት ከሲኞራዋ ቤት ትወጣለች። ኤስኲሊኖ ገበያ ዞርን። በረዶ በረዶ ስትል አንተው ልትቀዘቅዝ ነው ብላ ሳቀችብኝ። ስለ አጎቴ ጠየቅኳት። ሳቋ ጠፋ። እሱና ቤተሰቡ እህል ይታደላል ተብለው ወጡ፣ ተጫኑ፣ ቆላ ወረዱ። ትንሹን ልጃቸውን ወባ ወሰደው። «አሎራ፣ እንግዲህ ድርቁ ያላስለቀቀውን ካሚዮን አስለቀቀው» አለች። ቲማቲም መምረጧን ቀጠለች።

ዓርብ
ፓሳንግ ከጎኔ ነው የሚሠራው። የዚያ መንደር ልጅ። እናቱ እዚያው ናቸው። ለምን አይነሱም አልኩት። «እናቴን የሚያነሳ ጎርፍ ገና አልተፈጠረም!» ከዚያ ኮስተር አለ። ዝናብ ሳይመጣ ድንቻቸውን የሚያጠጣው ያው የበረዶ ውሃ ነው። ታች ሜዳው ላይ ግን መሬት የለም። አደጋውን ያውቃሉ። የሚፈልጉት ቦይ ነው፦ ሐይቁ በጥቂት በጥቂቱ እንዲጎድል፣ ውሃው ወደ እርሻቸው እንዲወርድ። ለምን ለአለቆቹ አልተናገርክም አልኩት። ማን ጠይቆኝ? አለ።
እኔም አልጠየቅኩትም ነበር።

እሑድ፣ መጋቢት 9
ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለጋሽ ተፈራ ነገርኳቸው። ሰፈራን ሳይሆን ቦዩን ነው የማቀርበው። ግራ ቀኝ አዩ። ልጄ፣ አንተ ስለ ኔፓል ትናገራለህ፤ ኤምባሲያችን የሚሰማው ስለ ወሎ ነው። ፓስፖርትህን ማን ያድስልሃል? ያለ እሱ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለም አሉኝ። አዝነውልኝ ነው። አውቃለሁ። ቢሆንም ተናደድኩባቸው። ፈራሁም። ቴቬሬ ዳር ብዙ ሄድኩ፤ ወንዙ ሞልቷል፣ ግን ግራና ቀኙ ታጥሯል። ይህቺ ከተማ ጎርፍን በግንብ ነው የመለሰችው። ሮምን አንስቶ ያሰፈረ የለም!

ሰኞ፣ መጋቢት 10፣ ጠዋት
ወሰንኩ። ቦዩን አቀርባለሁ። ልምድ ካሉኝም የአጎቴን እነግራቸዋለሁ። ግን የሰው እናት ጉዳይ ነው፤ ብቻዬን ብናገር እኔም ሳይጠይቁ ከሚወስኑት አንዱ ነኝ። ፓሳንግ ኮቱን እየሰቀለ ነው። አሁን እጠይቀዋለሁ፦ ወንድሜ፣ ዛሬ አብረን እንግባ፣ አንተ ቅደም፣ እኔ እከተላለሁ። ምን ትላለህ?