ጢጥ ባለች ቁጥር

ሰኞ፣ ሚያዝያ 12 ቀን

ለልጄ ለማሙሽ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ንዴቱ ነው እንጂ! ሌላ ጊዜ ሰላምታዬን አስረዝማለሁ፤ ዛሬ ግን አንጀቴ እርር ብሏል።

ያቺ «መሥሪያ ቤታችን የሠራት ናት፣ የልብ ትርታውን እዚህ ሆኜ አያለሁ» ብለህ ለአባትህ የላክሃት የእጅ ሰዓት ክንዱን አቃጥላዋለች። አዎ፣ አቃጥላዋለች! ቁስሉ የሰዓቷን ቅርፅ ይዟል። ስኳሩ እጁን እንዳደነዘዘው እያወቅህ፣ ግለቱ እንደማይሰማው እንዴት ሳታስበው ቀረህ?

እሱም አላረፈም። «የልጄ ሥራ ናት፣ ብርድ እንዳይመታት» እያለ የሹራቡን እጅጌ ይጎትትባታል፤ በዚያ ላይ ሻርፕ ይጠመጥማል። ታፍና ስትግል ጢጥ ጢጥ ትላለች። አባትህ ታዲያ ምን ይላል መሰለህ? «ልጄ እያየኝ ነው!» ጥርሱን መክደን ያቅተዋል። ክንዱን ወደ አፉ አስጠግቶ «ደህና ነኝ ልጄ፣ አንተስ በላህ?» ይላታል፣ እንግዳ ተቀምጦ ሳይቀር። ጢጥ ባለች ቁጥር ይመርቅሃል።

ነገሩን የነገረችኝ ቁስሉን ያጠበችለት ነርስ ናት፤ ለብቻዬ በረንዳ ላይ ጠርታ። ለካ ጢጥ የምትለው «ግያለሁ፣ አውልቁኝ» ስትል ነው። ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፣ እዚህ ቤት ማንም በማያነበው ቋንቋ። ምነው ማሙሽ! ሰው ገላ ላይ የሚታሰር ነገር ስትሠሩ፣ የሚታሰርበትን ሰው አንዴ ማሰብ ምን ይጎዳችኋል? ቁስሉ ካልጠገገ እጁን ሊያጣ ይችላል፤ ነርሷ አልደበቀችኝም።

ዓርብ ዕለት አውልቄ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኳት። ከዓርብ ጀምሮ የአባትህ ልብ ስልክህ ላይ የለም። ምን ነካው ብለህ አልደወልክም። እፈር!

አሁን ቀዝቅዛለች፤ ጢጥ አትልም። አባትህ ግን ካጠገቧ አይጠፋም። ትናንት «ልጄ ምን ሆኖብኝ ነው ዝም ያለው?» ብሎ እህል አልቀመሰም። ዛሬ ጠዋት በሌላው እጁ ላይ አድርጎ ማሰሪያዋን በጥርሱ ሲያጠብቅ ደረስኩበት። ብቀማው እንደ ሕፃን አኮረፈኝ።

እውነቱን ልንገረው ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር፤ አልቻልኩም። ስለዚህ ይህን እንዳነበብክ ደውልለት። ያ ሁሉ ጢጥታ አንተ ነበርክ ወይ ብሎ ከጠየቀህ፣ «አዎ አባዬ፣ እኔ ነበርኩ» በለው።

ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፣ ልብም ይስጥህ።

የተቆጣችህ እናትህ