ማሂን ላመጣ ታሽኬንት ሄድኩ

ቅዳሜ፣ ሜይ 2። ቡርንስቪል፣ ሚኒሶታ፣ ከሰዓት

ሁለተኛውን ሻንጣ እንደገና ፈታሁ። ከሚፈቀደው ኪሎ አልፏል። ገነት ሽሮውን አላስቀንስም አለች። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ የክረምት ካልሲ። በሜይ ካልሲ።  ባለቤቴ ስትፈራ ሻንጣ ትሞላለች።

አንተ ደብተር፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ማህሌት፣ ማሂ የምንላት፣ ታሽኬንት ናት፣ የኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ። ለአንድ ዓመት እንግሊዝኛ ላስተምር ብላ ሄደች። አሁን ት/ቤቱ ሁለት ዓመት ጨምሪልን ብሏታል። ገነት ከሥራ ፈቃድ አላገኘችም፤ ስለዚህ እኔ እሄዳለሁ። "አይተሃት ና" አላለችኝም። "ይዘሃት ና" ነው ያለችኝ።

ቤ/ክ ውስጥ ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር፦ እዚያ ጦርነት አለ እንዴ? የጎረቤቱን አገር ወሬ ከዚህኛው ጋር እየቀላቀሉት ነው። ተናደድኩ። በኋላ ትዝ አለኝ፤ ማሂ ልትሄድ ስትል እኔም የጠየቅኳት ይህንኑ ነው።

ረቡዕ፣ ሜይ 6። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ፣ የብሬክ ሰዓት

አሥራ አራት ደቂቃ አለኝ። አንቫር ባሴ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ፖም ይበላል። እሱም እንደኔ የከተማ ባስ ሹፌር ነው፣ ታሽኬንት ተወልዶ ያደገ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየብሬኩ እያስጠናኝ ነው።

የዛሬው ትምህርት፦ መንገድ ላይ ቆሞ "ታክሲ፣ ታክሲ" የሚል ሰው መኪና ውስጥ አልገባም። በአፕ እጠራለሁ፣ ታርጋውን አያለሁ፣ ከዚያ እገባለሁ። ፓስፖርት ደረት ኪስ፣ ኮፒው ሌላ ቦታ። ገንዘብ ባንክ ብቻ መመንዘር። ዜብራ ላይ መኪናው ይቆምልኛል ብሎ መግባት የለም፤ የምድር ውስጥ መተላለፊያ ካለ በዚያ። ውሃ የታሸገ። ሰላም ሲሉኝ ቀኝ እጄን ደረቴ ላይ።

ሌባ ይበዛል ወይ አልኩት። ሳቀ። የሚያሰጋህ ሌባ አይደለም፣ ምሳ ነው፤ ሁሉም ቤቴ ግባና ብላ ይልሃል፣ ሆድህን ጠብቅ አለኝ።

ላንተ ብቻ ልናገር። ፈርቻለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሪ ጨብጬ፣ የጠፋው ሁሉ እኔን ሲጠይቀኝ ኖሬ፣ አሁን ጠያቂው እኔ ልሆን ነው። በማውቃቸው አምስት የኡዝቤክኛ ቃላት።

እሑድ፣ ሜይ 10። ታሽኬንት፣ ጠዋት

ደረስኩ። ሁለት ቦታ ፕሌን ቀይሬ፣ እግሬ አብጦ።

ከኤርፖርቱ ስወጣ እንደተባለው የታክሲ ሰዎች ከበቡኝ። አንዱ ሻንጣዬን ያዘ። ያኔ ከኋላ የሴት ድምፅ መጣ፣ ቆጣ ያለ፣ በኡዝቤክኛ። ሰውዬው ሻንጣውን ለቆ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ይቅርታ ጠየቀ። ዞር ስል ማሂ ናት። ያቺ ሬስቶራንት ገብታ ማዘዝ የምታፍር ልጅ።

ሌላ ጉድ ደግሞ አለ። ቤት ሆነን በአማርኛ ስናወራት በእንግሊዝኛ ነበር የምትመልስልን። ዛሬ መኪና ውስጥ ሙሉ መንገድ በአማርኛ አወራችኝ። እየተሰባበረ፣ ግን አማርኛ። ምን ተገኘ አልኳት። እዚህ ስትመጣ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ላብ ያጠምቃት እንደነበር ነገረችኝ። ሰው ሲስቅባት እኔንና እናቷን ታስብ ነበር፣ መጀመሪያ ሚኒሶታ ገብተን እንግሊዝኛ ሲቸግረን። መስኮት መስኮቱን አየሁ። ዛፉ ብዛቱ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 12። ማታ አንድ ሰዓት

ማሂ ሥራ ናት፤ ብቻዬን ወጣሁ። ከቤቷ አጠገብ ካለው ኖቭዛ ጣቢያ በሜትሮ፣ ፓክታኮር ጣቢያ ላይ ባቡር ቀይሬ፣ ጮርሱ የሚባለው ትልቁ ገበያ።

ጣቢያው በር ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። ፖሊሱ ጠራኝ።  ፓስፖርቴን አወጣሁ። ገልጦ የትውልድ አገሬን አየ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ እንደገና ገልጦ አየ። ከዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሮጡት ሰዎች ሁሉ ምን ይበላሉ? ይኸው ነው። ሽሮ አልኩት። ጻፍልኝ አለ። በስልኩ ጻፍኩለት።

ባቡሩ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ብድግ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። የለም፣ ቁጭ በል አልኩት። ሌላውም ተነሣ። ሦስተኛዋም። እኔ ካልተቀመጥኩ ሰው ሁሉ ሊቆም ሆነ። ተቀመጥኩ። ለካ ሽማግሌ ሆኛለሁ። ሚኒያፖሊስ ላይ የነገረኝ የለም።

እንጆሪ ገዝቼ ተመለስኩ። ሳልጠፋ።

ሐሙስ፣ ሜይ 14። ከሰዓት

ጠፋሁ። ደህና አድርጌ።

ከትናንት ወዲያ በሜትሮ ጎበዝ ስለሆንኩ ዛሬ ባስ አማረኝ። ሹፌር ነኝ፣ ባስ ያቅተኛል? ቁጥሩን አይቼ ገባሁ፤ አቅጣጫውን አላየሁም። ከተማው እየሳሳ ሄደ። ፎቁ አለቀ፣ የአትክልት ቦታ መጣ። ስልኬ ሞተ። የማሂ ቁጥር በቃሌ የለም፤ ዛሬ የማንን ቁጥር በቃላችን ይዘናል?

አንድ ፌርማታ ላይ ወርጄ ቆምኩ። ወዲያው ነጭ መኪና አጠገቤ ቆመ። መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ግባ ይለኛል። ፊቱ ደህና ሰው ይመስላል፤ ምናልባትም ነው። ግን ታርጋውን ከየትኛውም አፕ ጋር አላመሳክረውም። ራህማት፣ አመሰግናለሁ ብዬ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቀረሁ።  ከዚያ ራሴን ጠየቅኩ፤ አንድ ሰው ባስህ ውስጥ ጠፍቶ ቢያለቅስ ምን ትለዋለህ? አትውረድ፣ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሂድ፣ ሹፌሩን አናግር። ቀጣዩ ባስ ሲመጣ ገባሁና እስከ መጨረሻው ሄድኩ።

ሁሉም ወረዱ። እኔ ቀረሁ። ሹፌሩ ዞሮ አየኝ፤ ወፍራም፣ ፂሙን የተላጨ፣ ዕድሜው የኔው። ቋንቋ የለንም። ዋሌቴ ውስጥ የሥራ መታወቂያዬ ነበር፣ ባስ ያለበት። አሳየሁት። በእጄ መሪ አዞርኩለት። ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ "ኮሌጋ!"፣ ባልደረባዬ ማለቱ ነው፣ ብሎ ትከሻዬን መታኝ።

ሩስታም ይባላል። ሹፌሮቹ የሚያርፉባት ትንሽ ክፍል ይዞኝ ገባ። አምስት ሹፌር፣ ሻይ፣ ክብ ዳቦ። መታወቂያዬ እጅ በእጅ ዞረ። የሚኒሶታን በረዶ በእጄ እስከ ጉልበቴ ሳሳያቸው አላመኑም። አንዱ ጀርባውን ይዞ አቃሰተ፤ እኔም ጀርባዬን ያዝኩ፤ ሁላችንም ሳቅን። የሹፌር ጀርባ ትርጉም አይፈልግም።

"ኖቭዛ" አልኩ። ገባቸው። ሩስታም ተራው ሲደርስ ከሱ ጀርባ ባለው ወንበር አስቀምጦ መለሰኝ። መንገዱን አላየሁም፤ እሱን ነው ያየሁት። ፍሬኑን እንዴት ቀስ አድርጎ እንደሚይዝ። አሮጊት ሳትቀመጥ አይነሣም። ጥሩ ሹፌር ነው። ስወርድ በክላክስ ተሰናበተኝ።

ማሂ በር ላይ ቆማ ነበር፣ ፊቷ ገርጥቶ። ጎረቤቷ ወ/ሮ ዲልባርም አብራት፣ በነጠላ ጫማ፣ ሰፈሩን ስታስስልኝ ቆይታ። ሁለቱም ተቆጡኝ፣ በሁለት ቋንቋ። የዲልባርም ገባኝ።

ዓርብ፣ ሜይ 15። ከሰዓት

ማሂ የምታስተምርበት ክፍል ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ልጅ። አቅጣጫ መጠየቅ እየተማሩ ነው፣ እኔ ደግሞ መማሪያ ሆንኩላቸው። ወደ ሜትሮ እንዴት እሄዳለሁ ብዬ እጠይቃለሁ፣ በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል። አንዷ ወደ ግራ፣ ሌላዋ ወደ ቀኝ ትልከኛለች፣ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ማሂ እጇን አላነሣችም፣ አልጮኸችም። ዝም ስትል ዝም አሉ።

ይህን ከማን ተማረች? እንጃ። ከኛ አይደለም።

እራት ላይ ድስቱን እያማሰለች፣ ሳታየኝ፣ "አባዬ፣ እማዬ ይዘኸኝ እንድትመጣ ነው አይደል የላከችህ?" አለችኝ። አዎ አልኳት።   በዓለ ሃምሳ ስለሆነ የዓርብ ጾም የለም፤ ሥጋውን ሳህኔ ላይ ደራረበችው።

እሑድ፣ ሜይ 17። ከሰዓት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ለገነት አሁን ደወልኩላት። እዚያ ጠዋት ነው፣ ቤ/ክ ለመሄድ ነጠላዋን እየለበሰች። ማሂን ይዣት እንደማልመጣ ነገርኳት። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዲልባር በነጠላ ጫማ መዞር፣ ስለ ባቡሩ ሁሉንም። መጥፋቴንም። እሱን ባልነግራት ይሻል ነበር።

  ከዚያ፦

"ደስ ብሏታል?"

"ብሏታል።"

"እዚህ ከነበረችው ይልቅ?"

ልዋሽ ፈለግኩ። "አዎ፣ ይልቅ" አልኳት።

አፍንጫዋን ጠረገች። እንግዲያው አንተም እዚያ እያለቀስክ ልጄን እንዳታስጨንቃት አለችኝ። ቀጥሎ በስንት ወር የዕረፍት ፈቃድ እንደሚደርሳት ማስላት ጀመረች። ኦክቶበር አለች። ኦክቶበር ብርድ ነው ወይ አለች። ሳቅኩ። እሷም።

ወጥቼ ለማሂ ነገርኳት። በረንዳው ላይ ልብስ ታሰጣለች። ፈርሚ፣ ሁለቱንም ዓመት፣ እናትሽም እሺ ብላለች አልኳት። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ቆየች። ከዚያ ጆሮዬ ስር፣ ቀስ ብላ፦

"አባዬ፣ አትቆጣ። ሳትመጣ በፊት ፈርሜያለሁ።"

አንተ ደብተር፣ መቆጣት ነበረብኝ። አልመጣልኝም። ልብሱ እስኪወድቅ ሳቅን፣ ዲልባር ምን ሆኑ ብላ በመስኮት እስክታይ።

ለገነት መፈረሟን እነግራታለሁ። መቼ እንደፈረመች ግን አልነግራትም። ይህን ወስኛለሁ።