ያላፈላሁት ወተት

ውድ እህቴ ፈትለወርቅ፣

መሪ ሰፈር፣ ቤትሽ ድረስ መጥቼ ፊት ለፊት ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ነበር፤ ሁለቴም ከመገናኛ ተመለስኩ። ስልክም አታነሺም። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ፤ እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

እማዬ ህንድ ሄዳ ካንቺ መቅኔ የተወሰደውን ስቴም ሴል፣ ያን ደም የሚሠራውን ሴል፣ ስትቀበል ቀንቼብሽ ነበር። የእኔ «አይገጥምም» ሲባል ሰው ፊት ለእሷ አለቀስኩ፤ የተቃጠልኩት ግን በአንቺ ነው። ሃያ ዓመት ከእሷ ጋር የካ የኖርኩት እኔ፤ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ግን «ያተረፈችኝ ፈትሌ ናት» ትላለች። እኔ የጠያቂዎቹን ብርጭቆ አነሳለሁ።

ለእኔ የደረሰኝ ዱቄቱ ነበር። ከንቅለ ተከላው በኋላ አንጀቷ እንዳይጎዳና አቅም እንድታገኝ ሐኪሙ ያዘዘላት የፕሮቲንና የቫይታሚን ዱቄት፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ። ጥሬ ነገር ክልክል መሆኑ ተነግሮኛል። እሷ ግን «ጠመኔ ጠመኔ ይላል» እያለች ትመልሰው ነበር።

እንጦጦ ወጥቼ ላም ከምታረባው ከጂቱ ወተት አመጣሁ። ጂቱ ራሷ «አደራ፣ ለበሽተኛ ከሆነ አፍልተሽ ስጫት» ብላኛለች። አላፈላሁትም፤ እማዬ የምትወደው ጥሬውን ነው። ዱቄቱን በወተቱ በጥብጬ ሰጠኋት። ጭልጥ አደረገችውና «ጥሩዬ፣ እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። ከታመመች ወዲህ አንጀቴን ያራሰችው ያን ቀን ብቻ ነው። ስድስት ቀን ደጋገምኩት።

ከዚያ ትኩሳቱና ተቅማጡ መጣ። ሐኪሙ «የተለገሳት ሴል ሰውነቷን እየተዋጋ ሊሆን ይችላል» ሲል አንቺ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልሽ።

«የኔ መቅኔ ነው እናቴን የሚገድላት፣ እቴቴ?» አልሽኝ።

ጀርባሽን አሻሸሁልሽ እንጂ የወተቱን ነገር አላነሳሁልሽም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ይባስ ብሎ ውስጤ ደስ አለው። ስጽፈው አፍራለሁ፣ ግን እውነት ነው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሐኪሙ ሴሉን የሚያዳክም ከባድ መድኃኒት ሊጀምርላት ሲል ፈራሁና የወተቱን ነገር ተናገርኩ። ተቆጣኝ። በምርመራው ኢንፌክሽን ተገኘ፤ መድኃኒቱ ተቀየረ። አሁን ትኩሳቱ ወርዶ ቤት ገብታለች፣ ዱቄቱንም በውሃ እያጉረመረመች ትጠጣለች። ያንቺ መቅኔ ምንም አላደረጋትም፤ የጎዳኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ለእሷም ነግሬያታለሁ።

«ዓይኗን ማየት አልችልም» ብለሽ ከቀረሽ ሁለት ሳምንት ሆነ። ይቅር በይኝ ለማለት ገና አፍ የለኝም። ብቻ ነይ። በሩ በተከፈተ ቁጥር «ፈትሌ ናት?» ትላለች። እኔ ስገባም እንዲሁ። ያንገበግበኛል፤ ቢሆንም ነይ።

እህትሽ ጥሩብርሃን