ጎርሳለች?

እሁድ፣ ኤፕሪል 6

ከቸርች በቀጥታ ተኩስ ሜዳ። ትልቋ ልጄ ፀሎት ከትምህርት ቤቷ የዒላማ ተኩስ ቡድን ጋር ልምምድ ነበራት። ለዒላማ የተወረወረችውን የመጀመሪያዋን ሸክላ አየር ላይ በተነቻት። ሁለተኛዋ ስትወረወር ጠመንጃው ዝም። ባዶው ቀለሃ ሳይወጣ ተሰንቅሮ ቀርቷል። አንዴ ቢሆን እሺ... ደጋግሞ! አሰልጣኙ ለብቻዬ ጠራኝ። እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ለውድድሩ አትሰለፍም፣ ትርፍ ጠመንጃ የለንም አለኝ።

የሆስፒታል ቦይለር የምጠግን ሰውዬ ይቺ ጠመንጃ ታሸንፈኝ?

ቤት ስንገባ ደግሞ ሌላ ጦርነት። ትንሿ ምሥጋና ጉሮሮዋን ካመማት ወዲህ እህል አልነካም ብላለች። እናቷ የትምወርቅ ጉርሻ ጠቅልላ ስትከተላት ዋለች። "ጎርሳለች?" "አልጎረሰችም።" ቤቱ ሌላ ወሬ የለውም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8

ጠመንጃዋን ዘይት አጠጣኋት። ጥይትም ቀየርኩ፤ ርካሹ ጉልበት የለውም ይላሉ። ከሥራ በኋላ ሜዳ ወስጄ ሞከርኳት። ያው ናት። አንዱን ከተኮሰች በኋላ ሌላውን አልጎርስም ትላለች። "በዚህ ቤት እምቢተኞቹ ሁለት ሆኑ" ብላት የትምወርቅ አልሳቀችም። ጠመንጃው የገባ ቀን ያለችውን ደገመችልኝ። "ስማ ተካ፣ አንዲት ስህተት። አንዲት። ከዚያ ከቤቴ ይወጣል፣ ፀሎት ብታለቅስም።"

ቀልዷን አይደለም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

መገርሳ፣ አብሮኝ የሚሠራው፣ አደን ይወዳል። ምሳ ሰዓት ላይ የፈታታኋትን ጠመንጃ ፎቶ በስልኬ አሳየሁት።

"ምን አድርገሃታል? ጠመንጃ ናት ሰላጣ?"

ዘይቱን አይቶ ነው። ሲበዛ ከባሩዱ ጥላሸት ጋር ይቦካና ሙጫ ይሆናል፣ በዚህ ብርድ ደግሞ ይብሳል አለ። "የጎማ ቀለበቷንስ አየሃት?" የቷን? ለካ ከአፈሙዙ ሥር ያለው ቱቦ ላይ ቀጭን ቀለበት አለች። እሷ ከተበላሸች የተኩሱ ጋዝ ያመልጣል። ባዶውን አስወጥቶ ቀጣዩን የሚያስገባው ደግሞ ጋዙ ነው።

ቤት ስገባ አየኋት። ተበጥሳለች። ዕድሜዬን ሙሉ የቦይለር ቀለበት ስቀይር ኖሬ...

ስንለያይ "ቤት ውስጥ በእውነተኛ ጥይት እንዳትሞክር፣ የፕላስቲክ ማስመሰያ ጥይት ግዛ" ብሎኛል። እሺ አልኩት።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 11



አዲሱን ቀለበት ጋራዥ ውስጥ ገጠምኩ። ዘይቱን ጠረግሁ። ማስመሰያ አልገዛሁም። ለሁለት ደቂቃ ምን ያደርጋል ብዬ... ደደብ። እውነተኛ ጥይት አስገብቼ እጀታውን ለቀቅሁ፣ ሸርተት ብሎ ገባ። ደስ አለኝ። አወጣሁት። ደግሜ አስገባሁ። በመሃል ከሥራ ተደወለልኝ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫት ደጅ ወጥቼ አወራሁ። ስመለስ ጠፋብኝ። አውጥቼዋለሁ? አላወጣሁትም? ስትረዳኝ የነበረችው ፀሎት ከኩሽና ብቅ አለች።

"ጎርሳለች?" አልኳት።

"አልጎረሰችም።"

አነሳኋት። ቃታዋን ልሞክር። አፈሙዟ ወደ ኩሽናው ግድግዳ... ለምን ወደዚያ? ጣቴ ቃታው ላይ ነበር።

"ማሚ እንደገና ልታሞቅላት ነው" አለች ፀሎት።

ምኑን? ምኑን ነው የምታሞቀው?

ጣቴን አወጣሁ። አፈሙዟን ወደ መሬት አዞርኩ። እጀታውን ስስበው አረንጓዴው ጥይት ዘሎ ወጣና ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ። ያልተተኮሰ። ሙሉ። ከግድግዳው ወዲያ የትምወርቅ "አንዴ ብቻ እናቴ፣ አንዴ..." ትላለች።

ፀሎት ጥይቱን አየች። እኔን አየች። "እኔ መስሎኝ... ስለ ምሥጋና ነው ያልኩት። ጠመንጃም ይጎርሳል እንዴ?"

ከየት ታውቀዋለች? እዚህ ባሕር ማዶ ተወልዳ ጉርሻ የምታውቀው በእጅ ነው። ጥፋቱ የሷ አይደለም። ከፍቼ ማየት ነበረብኝ። ይሄ ሰው ተጠይቆ የሚታወቅ ነገር ነው?

"ለማሚ ትነግራታለህ?"

"ከነገ በኋላ" አልኳት። ነገ እንድትሰለፍ ብዬ ነው? ወይስ ፈርቼ? ፈርቼ ነው።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

ሠራች። ባዶውን ትተፋለች፣ ቀጣዩን ትጎርሳለች፤ አንዴም አልተሰነቀረም። አሰልጣኙ የፀሎትን ትከሻ መታ መታ አደረገ። እሷ ግን ተኩሳ በጨረሰች ቁጥር እጀታውን ትስባለች፣ ትንሿን ጣቷን ትከታለች፣ ወደ እኔ ዞራ "ባዶ" ትላለች። አልጠየቅኳትም። ፈገግም አላለችም።

እራት ላይ የትምወርቅ ምድጃው ጋ ጀርባዋን እንደሰጠችን "ጎርሳለች?" አለች።

የፀሎት እጅ ትሪው ላይ ቀረ። የኔም። ከዚያ ፀሎት ተነሳች። የምሥጋናን አገጭ ይዛ አፏን ከፈተች፣ በጣቷ ዳበሰች።

"ባዶ" አለች።

የትምወርቅ ዞራ ሳቀች። እኛ አልሳቅንም። ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ።

"ምንድነው? ምን ሆናችኋል?"

ከነገርኳት ጠመንጃው ይወጣል። ፀሎት ታውቃለች፣ ሌላ ጠመንጃም የላትም።

"ንገራት ዳዲ" አለች።

ምድጃውን አጥፊና ተቀመጪ አልኳት።