ቀዩን መብራት ማንም አላመነውም

ለታናሽ ወንድሜ ለሜልቾር፣ ሚላኖ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ሚስትህ ግራሲየላስ እንዴት ናት? ልጆቹ አገሩን ለመዱት? እኛ ደህና ነን። ልጅህ ዩሊሳም በሕይወት አለች፤ ይህን ያስቀደምኩት የሚቀጥለውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ነው። ሰላምታዬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ተቆጥቻለሁ።

ጀልባ በምናስርበት ምሰሶ ላይ ሣጥን መሥራቴን ታውቃለህ። ከባሕር የወጣ ሰው ያየውን ይነግረዋል፤ ማዕበሉ መልካም ከሆነ አረንጓዴውን ቁልፍ፣ አደገኛ ከሆነ ቀዩን ይጫናል። ሣጥኑም መብራቱን አብርቶ ወሬውን ለሁሉም በስልክ ይልካል። ቁልፎቹን ትልልቅ ያደረግኩት በብርድ የደነዘዘ ጣት እንዳይስታቸው ነው። ጨው እንዳይበላው መገጣጠሚያውን በብስክሌት ከመነዳሪ ላስቲክ ደፈንኩት። የማዕበልን ቁመት መሣሪያም ይለካዋል፤ እግር ጠልፎ ወደ ጥልቁ የሚጎትተውን ውሃ ግን የሚያውቀው አሁን ከውስጡ የወጣ ሰው ነው።

ታዲያ የእኛ ሰፈር ወጣት ጉዶች ማዕበሉ ባማረ ቁጥር ቀዩን ይጫናሉ፤ በሰሌዳ ማዕበል ሊጋልቡ ከሊማ የሚመጡት እንዲቀሩላቸው። ብጮህባቸው የቶሪቢዮ ልጅ፣ "አባባ፣ አይቆጡ፤ ቀዩ እኮ ለእንግዳ ነው፣ እኛማ እናውቀዋለን" ብሎ ሳቀብኝ። ማን አስተማራችሁ ብዬ ብጠይቀው፣ "ጋሽ ሜልቾር ነዋ፤ እንግዳ ሲጠይቃችሁ ባሕሩ ሞቷል በሉ ይለን አልነበር?" አለኝ።

ባለፈው ሐሙስ ባሕሩ የእውነት ከፋ። ዓሣ አስጋሪው ኤቫሪስቶ ከመንገድ ተመልሶ ቀዩን ተጫነ። ልጅህ መብራቱን አይታ፣ "ዛሬማ ቆንጆ ነው ማለት ነው" ብላ ሰሌዳዋን ይዛ ገባች። ሰውየው ተመለሺ እያለ ሲጮህ የሚቀልድ መስሏት እጇን አወዛወዘችለት። ውሃው ጎትቶ ከድንጋዩ ጋር አላተማት። ጎትቶ ያወጣትም ያው ኤቫሪስቶ ነው። የትከሻዋ አጥንት ተሰብሯል። ሐኪም ቤት ተኝታ እንኳ፣ "አጎቴ፣ ሣጥንዎ እኮ ነው የሸወደኝ" አለችኝ። በዕድሜው አንዴ እውነት የተናገረውን ሣጥን!

ሰዉ ነቅለህ ጣለው ይለኛል። አልጥለውም። አሁን የሚጫን ሁሉ ስሙን እንዲያስቀድም አድርጌ ሠርቼዋለሁ፤ ስሙ ከቃሉ ጋር ለሁሉም ይደርሳል። በስሙ ለመዋሸት የሚደፍር ካለ እናየዋለን። ግን እኔን አይሰሙኝም፤ የሚሰሙት አንተን ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ምሰሶው ስር እሰበስባቸዋለሁ፤ ደውልና ያስተማርካቸው ውሸት ልጅህን ምን እንዳደረጋት በራስህ አፍ ንገራቸው። እስክትደውል መብራቱ አይበራም፤ ባሕሩ ሲከፋ እኔው ዳር ቆሜ እጮሃለሁ።

ግራሲየላን አይዞሽ በልልኝ፤ ልጅቷን ደህና አድርገን ይዘናታል። ትንሹን ኢቮን ሳምልኝ፤ ለአማትህም እጅ ነስቻለሁ በል። እህታችን ኦርቴንሲያ ብዙ እንዳልቆጣህ ለምናኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። ዩሊሳ ሰላምታ አልላከችም፤ እሁድ ድምፁን እሰማለሁ ብላለች።

ወንድምህ ኦክታቪዮ
ሳን ሐሲንቶ፣ ፔሩ
ሰኔ 9 ቀን