ዘጠኝ ላይ የቀረው ቶርክ ሬንች

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጠዋት 3፡00

እንደገና ውሃ። የተስፋዬ ሚኒባስ፣ ያቺ ከካዛንቺስ ለገሃር የምትመላለሰው፣ ተጎትታ መጣች። ከሞተሩ ጎን ጠብ፣ ጠብ። የዛሬ ሦስት ሳምንት የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታውን፣ አውርጄ፣ ውሃ እንዳያፈስ ከሥሩ የሚነጠፈውን ጋርኒሲዮን ቀይሬ፣ አሥሩን ቡሎን አጥብቄ የመለስኩለት እኔው ነኝ። እኔ ሐያት፣ የሰይድ ልጅ። አፈርኩ።

ተስፋዬ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። በቃ፣ በአባትሽ ጊዜ ይሄ አይደርስም ነበር አለኝ፣ ቀስ ብሎ። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ መኪናዋን ይወስዳታል፤ ወይ ተሠርታ፣ ወይ ወደ ሌላ ጋራዥ ተጎትታ። ካዛንቺስ ፈርሶ ወደ ወሎ ሰፈር ስንመጣ የአባዬ ደንበኞች ተበታተኑ። ተከትሎኝ የመጣው እሱ ብቻ ነው። እሱም ከሄደ በሩ ላይ የተጻፈውን የአባዬን ስም ባወርደው ይሻላል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ከሰ. 9፡30

ቴስታው ወረደ። ቡሎኖቹን ስፈታ አንዱ ያለ ጉልበት እሺ አለ። ቀጥሎ ያለው ብንጠለጠልበትም እምቢ። ሁሉንም ያጠበቅኳቸው በአንድ ቁጥር፣ በአንድ ቶርክ ሬንች ነው።

አንተ ደብተር መካኒክ አይደለህምና ላስረዳህ። ቶርክ ሬንች (ከዚህ በኋላ ቶ.ሬ.፤ እጄ ዝሏል) ቡሎን በልክ የሚያጠብቅ ረጅም ቁልፍ ነው። እጀታውን እያዞርክ ቁጥር ትሞላለታለህ። ልኩ ሲደርስ ጠቅ ይላል፤ ታቆማለህ። የኔን ባለፈው ዓመት ነው የገዛሁት። ስለሚያብረቀርቅ። ለአንተ እውነቱን ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

የአባዬ ጠቅታ ሌላ ነበር። የካዛንቺሱ ቤታችን ከጋራዡ ጀርባ፣ በአንድ ቆርቆሮ ግድግዳ ተለይቶ። የቤት ሥራዬን እየሠራሁ እቆጥር ነበር። አሥር ጠቅታ፣ ዝምታ። አሥር ጠቅታ፣ ዝምታ። በሦስተኛው ዙር አሥረኛው ጠቅ ሲል እማዬ ለምሳ ውሃ ታቀርባለች። ያ ቤት ዛሬ መንገድ ሆኗል። በላዩ ስነዳ ጆሮዬን አቆማለሁ፤ ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ናፈቀኝ፣ በቃ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ጠዋት

ጋሽ ግርማ መጡ። ከአባዬ ጋር ሠላሳ ዓመት የሠሩ ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተው፣ ዕቃቸውን ሸጠው፣ ሻይ ሊጠጡና ሊቆጡኝ ብቻ ይመጣሉ። ቴስታውን አዩ። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያለችውን ቀይ ሣጥን አዩ። የአባትሽን ለምን አትጠቀሚም አሉ።

የአባዬ ቶ.ሬ. ዘጠኝ ላይ ናት። ሁለት ዓመት ዘጠኝ ላይ።

ያን ቀን የመጨረሻውን ዙር እያጠበቀ ነበር። ስድስቱን ጨርሷል። አዛን ሲሰማ እጁን ታጠበና ዙሁር ሰግጄ መጣሁ አለኝ። ቁጥሩን አልመለሰም። አባዬ ቶ.ሬ.ውን ሳይመልስ ከአጠገቧ አይነሳም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሊመለስ ነዋ። መስጊድ በር ላይ ወደቀ፤ አልተነሳም። የቀሩትን አራት ቡሎኖች ጋሽ ግርማ በራሳቸው ቁልፍ አጠበቁ። እኔ ቀይዋን ሣጥን ዘጋሁ። ማንም አልነካትም። ካዛንቺስ ሲፈርስ እንኳ ከጭነት መኪናው ጋቢና፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ያመጣኋት።

ስከፍታት ዘጠኙን አያለሁ። መጣሁ እንዳለኝ ነው የማነበው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። 5፡00

ዘዴ አገኘሁ! የተስፋዬ ሞተር የመጨረሻ ልክ ዘጠኝ ነው። ቁጥሩን ሳልነካ፣ አባዬ እንደተዋት፣ በእሷው አጠብቃለሁ። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በእጅ እያመዛዘንኩ፣ የመጨረሻውን በአባዬ ዘጠኝ። ደስታዬን ብታይ።

ግን ሳይፈተሽ አይሆንም። አባዬ በየዓመቱ በኢድ ማግስት ይፈትሻት ነበር። አፏን ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሥሮ፣ እጀታዋን አጋድሞ፣ ከእህል ቤት የተዋሰውን ባለ ሃያ ኪሎ የሚዛን ብረት በገመድ ይሰቅልባትና ከሞርሳው ወደ ውጭ ቀስ እያለ ይገፋዋል። ዘጠኝ ላይ ሆና ጠቅ ማለት ያለባትን ቦታ በእማዬ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጎበታል። ቀዩ መስመር አሁንም አለ። እማዬ ለዚያች ጠርሙስ አንድ ሳምንት አኩርፋ ነበር።

11፡00

ከምልክቱ አራት ጣት ቀድማ ጠቅ አለች። ደገምኩ። አራት ጣት። ሠለስኩ። አራት ጣት።

ላላች። ዘጠኝ እያለች ከዘጠኝ በታች ነው የምታጠብቀው። የአባዬ ቶ.ሬ. ትዋሻለች።

ጋሽ ግርማ አብረውኝ ነበሩ፤ ብረቱን አወረዱና ተቀመጡ። ማታ ማታ አባትሽ ምን ያደርግ ነበር አሉኝ። አውቃለሁ፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ሞላ ተጨምቆ እንዳያድር ወደ ሁለት፣ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ይመልሳታል። ይህንን ለስንት ሠራተኛ ጮኼ ነግሬአለሁ! አንድ ቀን ረስቶ ያሳደረውን ልጅ አስለቅሼዋለሁ። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እንደ አደራ እየጠበቅኩ፣ ጨምቄ አሳደርኳት።

ጊዜ አላበላሻትም። እንዳትነካ የጠበቃት ፍቅሬ ነው ያበላሻት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

አልሠራሁም። ጁምዓ ሰገድኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ጠዋት 2፡15

ጋሽ ግርማ ሳልጠራቸው መጡ። ያንቺን የምታብረቀርቀዋንም ስቀያት አሉ። ሰቀልኳት። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስት የተለያየ ቦታ ጠቅ አለች። አንዴ ቀድማ፣ አንዴ ዘግይታ። የተስፋዬ ቡሎኖች ያበዱት ለዚህ ነው። ሳልፈትሽ ገዝቼ፣ ሳልፈትሽ ሠራሁባት። ጥፋቱ የኔ።

ከዚያ ያሉኝን በቃላቸው ልጻፍልህ፦ «ሁልጊዜ በአንድ ልክ የምትሳሳት ትታረማለች ልጄ። በየቀኑ አዲስ ስህተት የምታመጣዋን ነው መጣል።»

መለኪያ የሚያርሙበትን ቦታ ያውቃሉ። ሰኞ ብንሰጥ እስከ ሐሙስ ትደርሳለች። ግን ቁጥሯን መመለስ ያለብኝ እኔ ነኝ አሉ፤ እሳቸው እጃቸውን አያስገቡም። ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ።

እጀታዋን ያዝኩ። በአባዬ መዳፍ ተልጋ የለሰለሰች ናት። አልዞር አለችኝ። ወይ እጄ ነው እምቢ ያለው።

ዞረች። ስምንት። ሰባት ላይ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ተስፋዬንም አላፈርኩትም፣ መኪናዋን ሊያይ ገብቶ ነበር። አምስት። አራት። አባዬ አልመጣህም። ሦስት። ሁለት ዓመት ጠበቅኩህ።

ሁለት።

ተስፋዬ የወደቀ ጨርቅ አነሳና ሰጠኝ፤ ግራሶ የበዛበት ነበር፣ ፊቴን ይባስ አጠቆርኩት። ሦስታችንም ሳቅን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20። ቀን 6፡20

ትናንት ከሰ. የአባዬ ቶ.ሬ. ታርማ መጣች። ሞላዋ ደክሟል እንጂ አልሞተም አሉ አራሚዎቹ። በየስድስት ወሩ አምጪያት ብለዋል። ሰቀልኳት፦ ከቀዩ መስመር ላይ ጠቅ። የዘጠና ዓመት ሰው ሲያገግም እንደማየት ነው። የምታብረቀርቀዋን ለዘበኛው ለበር መወርወሪያ ሰጠኋት።

ዛሬ ጠዋት አዲስ ጋርኒሲዮን። ከመሐል ወደ ዳር። አንደኛው ዙር፣ አሥር ጠቅታ። ሁለተኛው፣ አሥር። ጋሽ ግርማ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆጥራሉ። ተስፋዬም ይቆጥራል። የካዛንቺሱ ቆርቆሮ ግድግዳ ትዝ አለኝ፣ የቤት ሥራዬም። ልቤ ሙሉ ነው።

ዘጠኝ ላይ አደረግኳት። ስድስት ቡሎን ጨረስኩ። አዛን አለ።

ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ እጀታዋን ወደ ኋላ አዞርኩ፤ ስምንት፣ ሰባት፣ እስከ ሁለት። ተስፋዬ ግራ ገባው። አራት ቡሎን ብቻ ቀርቶሽ? አሁን ለምትመጪው መልሰሽ ዘጠኝ ልትሞዪ? አለ። አዎ አልኩት፤ መልሼ እሞላለሁ። ጋሽ ግርማ ብቻ ገባቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ።

ይህን ቆሜ ነው የምጽፍልህ፣ እጄ እርጥብ ነው። ሰግጄ መጣሁ ብያቸዋለሁ። እመጣለሁም፣ ኢንሻአላህ። ካልመጣሁ ግን ሁለት ላይ ናት። ማንም ቁጥሩን አይቶ እኔን እየጠበቀ እንዳይኖር።